መሣሪያው አስቀድሞ ከእናቶቻችን ይማር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 በእንዲህ ያለው በዓል ላይ የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ ነው። እኛ የመረጥነው አርእስት ግን ለጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የእናቶቻችንን ባልትና በሰው ሠራሽ አስተውሎትና ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚባለው ምናባዊ ዓለም ለማስተማር ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ እኛ የጎብዬና የአካባቢዋ ልጆች በዚህ ሥራ ምን ድርሻ አለን? የሚል ነው። ሊጥንና ኮምፒውተርን ምን አገናኛቸው የምትሉ ብትኖሩ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናችኋለን።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ማለት እንደ ትልቅ መነጽር በዐይን ላይ የሚታሰር መሣሪያ የሚያሳየው ዓለም ነው። የሰው ሁለት ዐይኖች አንዱን ነገር በጥቂት ልዩነት ስለሚያዩት ቅርቡን ከሩቁ ለመለየት ይችላሉ። መሣሪያውም ይህንኑ የተፈጥሮ ሕግ ተከትሎ ለቀኝ ዐይን አንድ፣ ለግራ ዐይን ሌላ ሥዕል ያቀርባል። ለባሹ ራሱን ሲያዞር ሥዕሉ አብሮት ይዞራል፤ እጁን ሲዘረጋም በሥዕሉ ውስጥ እጅ ሲዘረጋ ያያል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሳለ በሌላ ስፍራ ያለ ይመስለዋል። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሠርቶ ባሳየ ጊዜ፣ ዕቃው ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያዝ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ እጅ የሚነሣ ሆኗል።

በምሳሌ ዓለም ውስጥ እውነተኛ ሙያ መማር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ኤድዊን ሊንክ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 አብራሪዎችን ከመሬት ሳያነሣ የሚያለማምድ መሣሪያ አበጅቶ ነበር። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች መንገደኛ ይዘው ከመነሣታቸው በፊት አዲስ አበባ ላይ በሲሙሌተር ይለማመዳሉ። ሐኪሞችም ይህንኑ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ በወጣው ጥናት 16 ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ብቻ በምናባዊው መሣሪያ ሠለጠኑ። ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ሕሙማን ላይ የሐሞት ከረጢትን የማላቀቅ ሥራ ሲሠሩ፣ በመሣሪያው የሠለጠኑት ከሌሎቹ 29 በመቶ ፈጥነው ፈጽመዋል።

ነገሩ ወደ ማድ ቤትም ገብቷል። ኬ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የዶሮ ጥብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዶሮ የመጥበስን ሥራ በአምስት ደረጃ ከፍሎ በምናባዊ ዓለም የሚያስተምር ጨዋታ ለሠራተኞቹ አዘጋጀ። ኩባንያውም ጨዋታው ከእውነተኛው ሥልጠና ጎን የሚቆም ረዳት መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ አምስት ደረጃ ላለው ጥብስ ይህን ያህል ከተደከመ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ለምትወጣበት፣ ሽንኩርቱም ለብዙ ሰዓት ለሚቁላላበት ለእኛ ወጥ ምን ያህል ድካም ያስፈልግ ይሆን?

አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ድርሻ እንመልከት። መነጽሩ ብቻውን ቢሆን ለሁሉም ተማሪ አንዱን ትምህርት በአንድ ዓይነት ያሳይ ነበር። አስተውሎቱ ሲጨመርበት ግን መሣሪያው የተማሪውን እጅ ይከታተላል፤ ቀድሞ ከተቀዳው የባለሙያዋ እጅ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱንም ይለካል። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መኻል እያዞረች ስታፈስ፣ እጅዋ ፈጥኖ መኻሉን ባዶ ቢተወው፣ መሣሪያው ይህን አይቶ ሥራውን ያዘገይላታል፤ የእጅዋንም መንገድ በብርሃን መስመር ያሳያታል። ደግማ ደጋግማ በደህና ከፈጸመችው መስመሩን ቀስ በቀስ ያጠፋባታል፤ ከዚያም ወደሚከብደው ትምህርት ያሳልፋታል። ይህ ጠባይ ደግ መምህር ለደካማው ተማሪ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም። ሊጥ አይባክንም፤ ማገዶ አይቃጠልም፤ እጅም በእሳት አይለበለብም። ይህ ሁሉ ጥቅሙ ነው።

እንግዲህ እናት እያለች መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ትክክለኛ ስለ ሆነ መልሱን ከራሳችን ኑሮ እንስጥ።

ያገራችን ሰው «ሙያ በልብ ነው» ይላል። ባልትና በመጽሐፍ ሳይጻፍ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈትለት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ልጅ ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጣ ለብዙ ዓመት እያየችና እየረዳች ስላደገች ነው። ዛሬ ይህ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ እየቀረ ነው። አንደኛው ምክንያት እኛው ተማሪዎች ነን። ከሩቅ ቀበሌዎች የመጣን ብዙዎች በከተማ ቤት ተከራይተን፣ ከቤት በታሰረልን ስንቅ፣ በድርቆሽና በበሶ እንማራለን። ሴቶቹ እኅቶቻችን ከእናታቸው ባልትና የሚማሩበት ዕድሜ በትምህርት ገበታ ላይ ያልፋል። ይህ በትምህርት ላይ የቀረበ ክስ እንዳይመስልባችሁ፤ ማንም እኅታችን ከክፍል ቀርታ ወደ ምድጃ ትመለስ አንልም። ነገር ግን የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት እንዳይሆን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ስደት ነው። ከራያና ከወሎ ልዩ ልዩ ቀበሌዎች ብዙ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ እንደሚሄዱ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰ ጊዜም የዚህ አካባቢ ልጆች ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በሰው አገር በሰው ማድ ቤት የምትሠራ እኅት የአሠሪዎችዋን ምግብ ጠንቅቃ ትማራለች፤ የእናትዋን ለመማር ግን ጊዜው አልፎባታል። ስልክ ደውላ «አብሲቱ እንዴት ነበር?» ብላ ስትጠይቅ፣ እናትም «አንቺ ልጅ፣ ስታይው ይገባሻል» ብላ ትመልሳለች። እናት እውነትዋን ነው፤ ልጅ ግን የምታየው የላትም።

ሦስተኛው ምክንያት ጦርነት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ሕዝብ ቀየውን ለቆ ተሰዶ ነበር። ጓዳ የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ስላልሆነ፣ በተፈናቀለ ቤተሰብ ውስጥ ምጣዱና ቡሓቃው ብቻ አይቀሩም፤ የሥራው ልማድም ይቋረጣል። አንዲት አሮጊት ባረፈች ቁጥር በልብ የነበረው ሙያ አብሮ ይቀበራል።

አራተኛውም እህሉ ራሱ መለወጡ ነው። በቆቦ ሜዳ ላይ አባቶቻችን ይዘሩት የነበረው እንደ ደጋሊትና እንደ ጅጉርቲ ያለው የማሽላ ዘር ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው። ዝናሙ እየዘገየ ሲጀምርና ቶሎ ሲያቆም ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ዘሩ ሲለወጥም የሊጡ ጠባይ ይለወጣል፤ የቀድሞውን ዘር የሚያውቅ እጅ ተፈላጊነቱ ይቀንሳል።

በእነዚህ በአራቱ ምክንያቶች የተነሣ ከእናቱ ለራቀ ልጅ ረዳት መምህር ቢገኝለት ጥሩ ነው እንላለን። ነገር ግን መሣሪያው መምህር ሆኖ ከመምጣቱ በፊት የጎደለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እስቲ እንጀራን እንደ ምሳሌ አድርገን እንመርምር።

እናት ዱቄቱን ከእርሾ ጋር አቡክታ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ታቆየዋለች። ከላይ የሚንሳፈፈውን ውሃ ትቀዳለች፤ ከሊጡ ጥቂት ወስዳ በፈላ ውሃ አብስላ አብሲት ትጥላለች። የበሰለው ሊጥ ስለሚወፍር ውስጡ የሚፈጠረውን አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ እንጀራውም ዐይን ያወጣል። ምጣዱ ሲሰማ በማሰሻ ታሰሰዋለች፤ ሊጡን ታፈስሳለች፤ ዐይኑ ሲወጣ በአክንባሎ ትከድነዋለች፤ ሲበስልም በሰፌድ ታወጣዋለች። ይህን እስከዚህ ድረስ መነጽሩ ሊያሳይ ይችላል።

የማይችለውስ? መሣሪያው ሥዕልና ድምፅ ያቀርባል፤ ሽታና ትኩሳት፣ ክብደትና ጣዕም ግን በእርሱ ዘንድ የሉም። እናት ሊጡ መድረሱን የምታውቀው ቡሓቃውን ከፍታ በማሽተት ነው። መቅጠኑን የምትለየው በእጅዋ አንሥታ ሲወርድ በማየትና ክብደቱን በመስማት ነው። ምጣዱ መስማቱንም ፊትዋ ላይ በሚመጣው ወላፈን ታውቃለች። የሐሰት ሊጥ በአየር ላይ ያፈሰሰ ተማሪ የእጁን መንገድ ሊማር ይችላል፤ የሊጡን ጠባይ ግን እውነተኛ ሊጥ እስኪነካ ድረስ አይማርም።

ከዚህም በላይ አንዱ ሕግ ለሁሉ አገር አይሆንም። በብርዳማው ደሴ ሦስት ቀን የሚቆይ ቡኮ በጎብዬ የግንቦት ሐሩር ፈጥኖ ይኮመጥጣል። የጤፍ እንጀራ ለስላሳነቱን ሲያቆይ የማሽላ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ እናቶቻችን ማሽላውን ከጤፍ ጋር ይቀላቅላሉ፤ ለአብሲቱም የበለጠ ይጠነቀቃሉ። አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ውስጥ የተሠራ መሣሪያ የጤፍን እንጀራ ብቻ ተምሮ ወደ እኛ ቢመጣ፣ ለራያ ልጅ የሌላውን አገር ባልትና ያስተምረዋል። ልጁም መሣሪያው ያወቀውን ብቻ «ትክክለኛ»፣ የእናቱን ደግሞ «ስሕተት» አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚማሩት ከተጻፈውና ከተቀዳው ነገር ነው። የጎግል መተርጐሚያ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ደግሞ በ2022 ነው። በዚያው ዓመት ቻት ጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም ለሕዝብ ሲቀርብ የተመገበው ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በማዕከል ስም የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም ይህን ጉድለት ለማሟላት በአገራችን ቋንቋዎች ላይ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በገበያችን አማርኛው፣ ትግርኛውና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ በሚነገርበት ጊዜ፣ እናቶቻችን ስለ ሊጥና ስለ ማሽላ የሚናገሩት ቃል በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል? ያልተጻፈውን መሣሪያው ከወዴት ያገኘዋል?

ሳያውቁ ማስተማርም አደጋ አለው። ለምሳሌ ጓያን እንውሰድ። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለ ሆነ በችግር ዘመን የድኻ መድኅን ነው። ነገር ግን ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለብዙ ጊዜ ዘወትር ቢበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለበት፤ ሕመሙም አይድንም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ይጠቅማል። አሮጊቶች ይህን ጥንቃቄ በልማድ ያውቁታል። ሽሮ በጓያ ይሠራል ብሎ ጥንቃቄውን የማይናገር መሣሪያ ግን በቃሉ ያመነውን ሰው ሊጐዳው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ያስተማረውን ሁሉ የሚመረምር ዐዋቂ ሰው ከአጠገቡ መታጣት የለበትም።

ወላጆቻችን ሆይ! የሩቅ አገር ዕውቀት ከቅርብ አገር ኑሮ ጋር ሲስማማ ምን እንደሚያፈራ የሚያሳይ ምሳሌ ከማሽላችን አለላችሁ። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ሰብሉን እንደሚያመነምን አባቶቻችን ያውቁታል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን አገኙ። ከእነዚህም ሁለቱ «ጎብዬ» እና «አብሽር» በሚል ስም በ1992 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቁ። ፕሮፌሰሩም ስለ ማሽላ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የከተማችንን ስም የያዘ ዘር በዓለም የምርምር መጻሕፍት ውስጥ መገኘቱ ያስደስተናል። ይሁን እንጂ የትኛውም የተሻሻለ ዘር የመጨረሻ ፈተናውን የሚፈተነው በማሳ ላይ ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብት፣ ዱቄቱም ለእንጀራ ካልሆነ ገበሬው አይወደውም። እንጀራው መልካም መሆኑንም የምትፈርደው ምጣድ ላይ የጣደችው እናት ናት። በዘር ላይ ፈራጅ ከሆነች፣ በመሣሪያውም ላይ ፈራጅ ልትሆን ይገባታል።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። እናቶቻችን ለመሣሪያው ካስተማሩት በኋላ ዕውቀቱ የማን ይሆናል? ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገራችን የብዝኃ ሕይወት ተቋም ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራርሞ፣ በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የኤውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቈየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት በሆላንድ የነበረውን ፓተንት አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ ሻረው። ከዘመናት ጀምሮ በኢትዮጵያ ሴቶች እጅ የኖረ ሙያ ያለ ወረቀት ስለ ኖረ ብቻ ባለቤት እንደሌለው ሊቈጠር እንደሚችል ይህ ነገር አስተምሮናል። አገራችንም በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 ኅብረተሰቡ ስለ ዕፅዋቱና ስለ እህሉ ያካበተው ዕውቀት ያለ ፈቃዱ እንዳይወሰድ፣ ከጥቅሙም እንዲካፈል ደንግጋለች። በመነጽር ውስጥ የሚገባው የእናት እጅም በዚሁ መንፈስ ሊጠበቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መሣሪያው ውድ ነው፤ ትምህርት ቤታችንም ዛሬ አይገዛውም። ነገር ግን መሣሪያው ሲመጣ የሚማርበትን ነገር ለማዘጋጀት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና የሰው ትጋት ይበቃል። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. እያንዳንዱ ተማሪ በሚመጣው ክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእናቱ፣ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት እናት አንድ ምግብ ተምሮ አሠራሩን ጽፎ ይመለስ። ሴትም ወንድም ሳይለይ ይሁን። ስንቃችንን ሴትም ወንድም ተሸክመን እየመጣን፣ ሙያው ግን የሴት ብቻ ይሁን ማለት አይገባንም።

2ኛ. የእናት መለኪያ እፍኝ፣ ጭብጥና ቁንጥር ነው። ይህን ሳናጠፋ በሚዛን እንመዝነው። አንዲት እናት አምስት ጊዜ ብትዘግን አምስቱም እኩል አይሆኑም፤ ልዩነቱን ሁሉ እንጻፈው። የቀኑን ሙቀትና ሊጡ የቆየበትን ሰዓትም እንመዝግብ። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህሮቻችን በዚህ እንዲመሩን እንለምናለን። እንደ ተማሪው ችሎታ ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ የሚማረው ከእንዲህ ያለው ልዩነት ነው።

3ኛ. ቃሉን እናት እንደ ተናገረችው እንጻፍ። በቋንቋችን መጽሐፍ የለም ብለን አናርመው። የማሽላውንም ዘር በስሙ እንጥራው።

4ኛ. ያለ ፈቃድ ድምፅ አይቀዳ፤ በጓዳ ውስጥ ፎቶግራፍ አይነሣ። የምትፈቅድ እናት ስምዋ ከሙያዋ ጋር ይጻፍ፤ የማትፈቅድም ትከበር። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱም በባለሙያዋ ቤት ይቀመጥ።

5ኛ. ወደ ፊት በመሣሪያ የሚማር ተማሪ ቢኖር ፈተናውን በመሣሪያው ብቻ አይጨርስ። ነጥብ የምትሰጠው እንጀራውን ቈርሳ የቀመሰች እናት ትሁን።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ዘመን ልጆች ዶክተርና ኢንጂነር ለመሆን ማሰብ ሲገባቸው ስለ ሊጥ ያወራሉ ይሉ ይሆናል። እኛም እንዲህ እንመልሳለን። ከእኛ መካከል ኢንጂነር የሚሆን ቢገኝ ሌላው ዓለም የሠራውን ከመገልበጥ የተለየ ምን ይዞ ይቀርባል? የእጅን እንቅስቃሴ ለመሣሪያ ማስተማር፣ ያልተጻፈ ቋንቋን መመዝገብ፣ ሊጥ ለምን ኩፍ እንደሚል መመርመር፣ ይህ ሁሉ ሒሳብና ሳይንስ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሊቃውንት ሁሉ ቢሰበሰቡ የማያውቁት ነገር በእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለው እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

እኅቶቻችን ሆይ! ሙያችሁን ከትምህርታችሁ የሚያንስ አድርጋችሁ አትቍጠሩት፤ ትምህርታችሁንም በሙያ ስም ማንም እንዳያስቀርባችሁ። ወንድሞቻችን ሆይ! ለመማር ወደ ምድጃ መቅረብ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሠርታ ያበላችን እናት ምን እንደ ሠራች ሳያውቁ መሸበት ነው። ከታች ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ! እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ አንዳንዳችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዳችንም ወደ እርሻና ወደ ሥራ። ደብተሩን እኛ እንጀምረዋለን፤ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ወላጆቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ክረምት ልጆቻችሁ ደብተርና ሚዛን ይዘው ወደ ጓዳ ሲገቡ «ምን አገባህ?» ብላችሁ አትመልሱን። ሙያ በልብ ቢሆንም፣ ለዚህ አንድ ክረምት ከልባችሁ አውጡልን። ጥያቄያችን ቢበዛባችሁም ታገሡን።